የትኛውን ጥይት ልግዛ ላልሽኝ

ይድረስ ለልጄ፤

ለአጋዘን አደን የትኛው ጥይት ይሻላል ብለሽኛል። ጓደኞችሽ «ትልቁን ያዢ፣ የነካውን ሁሉ ይጥላል» አሉኝም ብለሻል። አትስሚያቸው። እንስሳው ቶሎ የሚሞተው ልቡ ወይም ሳንባው ሲመታ ነው። ኃይለኛ ጠመንጃ ትከሻሽን እየረገጠ ካስፈራሽ፣ ገና ቃታ ሳትስቢ ዓይንሽን መጨፈን ትለምጃለሽ። ያኔ ጥይቱ ሆድ ላይ ያርፍና እንስሳው ለሰዓታት ይሠቃያል።

ዋናው ነገር አረሩ ነው፤ ማለትም ከአፈሙዙ ወጥቶ እንስሳውን የሚመታው የጥይቱ ጫፍ። ለጦር ሠራዊት የሚሠራው በብረት የተሸፈነ አረር ሥጋ ውስጥ እንዲሰፋ ታስቦ አልተሠራም። ብዙ ጊዜ ቀጭን ቀዳዳ አበጅቶ ያልፋል። የሚሰፋውን አረር የ1899 የሄግ መግለጫ ለጦርነት ከልክሎታል፤ ለአደን ግን የሚፈለገው እሱ ነው። ሲመታ ጫፉ እንደ እንጉዳይ ይከፈታል፣ ቁስሉም ሰፊ ይሆናል።

ቶሎ መከፈቱም ችግር አለው። ለትንንሽ አውሬ የተሠራ ስስ አረር የትከሻ አጥንት ላይ ይበታተንና ሳንባ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ጆን ኖስለር የተባለ አሜሪካዊ አዳኝ በ1946 ሙስ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ሲያድን ጥይቱ ወደ ውስጥ አልዘልቅ አለው። ከዚያ መሐሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ ያለው አረር ሠራ፤ ፊቱ ሲከፈት ኋላው ሳይፈርስ ይዘልቃል። ፓርቲሽን ይሉታል፣ ዛሬም ይሸጣል።

ፍጥነቱንም እዪ። አረር ከተወሰነ ፍጥነት በታች ሲመታ በደንብ አይከፈትም። ለብዙዎቹ እርሳስ ላላቸው አረሮች ይህ በሰከንድ 550 ሜትር አካባቢ ነው፤ ሙሉ መዳብ የሆኑት ብዙውን ጊዜ ትንሽ ይበልጥ ይፈልጋሉ። 308 ዊንቸስተር የተባለው የጥይት ዓይነት ባለ 150 ግሬን አረሩ (9.7 ግራም ገደማ) ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 860 ሜትር አካባቢ ይበራል፤ እየራቀ ሲሄድ ይዳከማል። የተኩስ ርቀትሽ ገደብ ፍጥነቱ አረሩን ለመክፈት የማይበቃበት ቦታ ነው። ከዚያ በፊት እጅሽ ኢላማ መሳት ከጀመረ ደግሞ ገደብሽ እሱ ነው። ጥይቱ ከመዳከሙ በፊት የብዙ ሰው እጅ ይስታል፣ የእኔንም ጨምሮ።

እኔ ብሆን መዳቡን እመርጣለሁ። እርሳስ ሲመታ ፍርፋሪው ሥጋው ውስጥ ይረጫል፤ ያንን ሥጋ ደግሞ ልጆችሽ ይበሉታል። ዋጋው ይወደዳል፣ ግን ለአንድ አደን ስንት ጥይት ትተኩሻለሽ?

ቀለሁ ውስጥ ባሩድ ሞልተሽ ጥይት ራስሽ ለመሥራት ማሰብሽን ለጊዜው ተዪው። ስትጀምሪ ከታተመ መመሪያ እንጂ ከሰው አፍ የባሩድ መጠን አትውሰጂ።

አሁን በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን የጥይት ዓይነት አንብቢና ጻፊልኝ። ከዚያ ሁለት ዓይነት አረር ገዝተሽ በ100 ሜትር ሞክሪ። አንዱን ጠመንጃሽ ይወደዋል፤ ቀዳዳዎቹ ተጠጋግተው ታያለሽ። በመረጥሽው ጥይት የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር አስተካክዪ። በኋላ ዓይነቱን ከቀየርሽ ግን እንደገና ማስተካከል አለብሽ፤ ሌላው ሌላ ቦታ ነው የሚመታው።

አባትሽ