ቀርከሃው ሳይዘጋ

ውድ እህት ዓለም፤

እንደምን ከርመሻል? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ “እንደምን ሰነበትሽ” ብል ያሳፍረኛል። እማማ ያረፉ ጊዜ ለቅሶ አልደረስኩም። ከዚህ ሆኜ ሁለት መስመር መልእክት ልኬ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር “ምን ብዬ ልጀምር?” እያልኩ ቀኑ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ። ይቅር በዪኝ። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝም የእሳቸው ነገር ነው፤ ዞሮ ዞሮ እዚያው ስለሚደርስ ታገሺኝ።

እዚህ ዱባይ ከአራት የፊሊፒንስ ሴቶች ጋር አንድ ቤት እንኖራለን። በእነሱ አገር ጁን 12 የነፃነት በዓል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1898 ከስፔን አገዛዝ ነፃ መሆናቸውን ያወጁበት ቀን። በዓሉ ሲቃረብ ከሥራ እንደተመለሱ የጋራውን ክፍል አልጋና ወንበር ገፍተው ጭፈራ ይለማመዳሉ። አንድ ማታ በር ላይ ቆሜ ሳይ አንዷ እጄን ይዛ አስገባችኝ።

ጭፈራው ቲኒክሊንግ ይባላል። ሁለት ሰዎች መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው ሁለት ረጃጅም ቀርከሃ ጫፍና ጫፉን ይይዛሉ። ሁለቴ መሬቱን ይመታሉ፣ አንዴ ቀርከሃውን እርስ በርሱ ያጋጫሉ። ጨፋሪዋ ቀርከሃው ሲከፈት መሃል ገብታ ሁለቴ ትረግጣለች፣ ሊገጥም ሲል ወጥታለች። የሚጨፈረው በባዶ እግር ነው። ምቱ እየፈጠነ ሲሄድ ዓይንሽን ወደ እግርሽ ካወረድሽ አለቀ፤ ቁርጭምጭሚትሽ ይያዛል። እኔም ተይዤ ሁለት ቀን አነከስኩ። እዚህ ቀርከሃ ስላልተገኘ የተለማመድነው በፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ነበር። ያስተማረችኝ ልጅ ግን ድምፁን ፈጽሞ አልወደደችውም። “ቀርከሃ ባዶ ሆዱ ነው የሚጮኸው፤ ይሄ ምንም የለውም” አለች።

እሷ የሌይቴ ደሴት ልጅ ናት፤ ቲኒክሊንግም የመጣው ከዚያው ነው። ቲክሊንግ የምትባል ረጅም እግር ያላት ወፍ አለች፤ የሩዝ ማሳ ውስጥ እየገባች እህል ትለቅማለች። ገበሬው የቀርከሃ ወጥመድ ያኖርላታል፣ እሷ ደግሞ እግሯን እያነሳች በመካከሉ ሾልካ ትሄዳለች። ጭፈራው የሚያስመስለው ያቺን ወፍ ነው። ወፏ እህሉን ትበላበታለች፣ ወጥመድ ያጠምድባታል፣ አካሄዷ ግን ደስ ስለሚለው ይጨፍራታል። በልጅነታችን ማሽላ ስንጠብቅ፣ በወንጭፍ ያባረርናቸውን ወፎች ማን እንዲህ አድርጎ አያቸው?

ከዚያ ወዲህ ስለ እያንዳንዱ ጭፈራ እየጠየቅሁ አስቸገርኳቸው። ሁሉም ከሆነ ሥራ፣ ከሆነ ቦታ የወጣ ነው። በሉባንግ ደሴት ሴቶች ሦስት ኩራዝ ይዘው ይጨፍራሉ፤ አንዱ አናታቸው ላይ፣ ሁለቱ በእጃቸው ጀርባ ላይ፣ ሳይወድቅ፣ ሳይጠፋ። ስሙ ፓንዳንጎ ነው፣ ከስፔኖች ፋንዳንጎ የተወሰደ፤ ዜማው የመጣው ከባሕር ማዶ ቢሆንም ኩራዙን የጨመሩት እነሱ ናቸው። በፓንጋሲናን የባሕር ዳርቻ ደግሞ ዓሣ አጥማጆች ብዙ ዓሣ ይዘው የተመለሱ ማታ፣ መብራት በጨርቅ ጠቅልለው እያወዛወዙ ይጨፍሩ ነበር። በቢንያን ወንዶች ደረታቸው፣ ጀርባቸው፣ ዳሌያቸውና ጭናቸው ላይ የኮኮናት ቅርፊት አስረው፣ በእጃቸው በያዙት ቅርፊት እየመቱ የጦርነት ጭፈራ ይጨፍራሉ። ያን ድምፅ ብትሰሚው!

ልቤን የያዘው ግን ሲንግኪል ነው። በደቡብ፣ በሚንዳናዎ፣ በላናዎ ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩት ሙስሊሞቹ ማራናዎች ጭፈራ ነው። ዳራንገን የሚሉት በቃል የሚወርድ ታላቅ የጀግንነት ታሪክ አላቸው፤ 17 ክፍልና 72,000 ስንኝ ያለው። ሲንግኪል የሚያሳየው በዚያ ውስጥ ያለችውን ልዕልት ጋንዲንጋንን ነው። ቀርከሃው እዚህም አለ፣ ግን መስቀለኛ ሆኖ ይመታል። ልዕልቲቱ በሁለት እጇ ማራገቢያ እያዞረች፣ ፊቷ ቅንጣት ሳይለወጥ፣ መሬት የተንቀጠቀጠ ያልመሰላት ሆና በመካከሉ ታልፋለች። አብሮት የሚመታው ኩሊንታንግ ነው፤ በተርታ የተደረደሩ፣ ድስት የሚመስሉ የነሐስ ደወሎች። ቲኒክሊንግ ያስቃል፤ ሲንግኪል ግን ዝም ያሰኛል።

እዚህ ላይ አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ዓለም የሚያውቀው ሲንግኪል፣ እ.ኤ.አ. በ1957 በማኒላ የተቋቋመው ባያኒሃን የተባለው የውዝዋዜ ቡድን ለመድረክ ያዘጋጀው ነው። ቡድኑ በዓመቱ ብራስልስ ላይ በዓለም ኤግዚቢሽን አሳይቶ ዝናው ናኘ። መድረኩ ላይ ልዑል ተጨምሯል፣ ፍጥነቱም ትርኢቱም ደምቋል። ከማራናዎች መካከል “ይህ የእኛ አይደለም” የሚሉ አሉ፤ በእነሱ ዘንድ የሴቶች፣ ያውም የትልቅ ቤት ልጆች ጭፈራ ነበርና። እኔ ለማራናዎቹ አደላለሁ። እኛም የኪነት ክበብ ውስጥ ሳለን የጎንደሩንም የጎጃሙንም እስክስታ በአንድ ቀሚስ፣ በአንድ ዘፈን ስናወርደው እማማ ምን እንዳሉ ታስታውሻለሽ? ፊታቸውን አዙረው ቡናቸውን ቀዱ።

ፍራንሲስካ ሬየስ አኪኖ የምትባል መምህርት ነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ1899 የተወለደች። በ1920ዎቹ ገጠር ለገጠር እየዞረች ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሚያውቁትን ጭፈራ ሰበሰበች። ስትመዘግብ ዜማውን ብቻ አይደለም፤ እግር የት እንደሚያርፍ፣ ክንድ መቼ እንደሚነሳ፣ በስንተኛው ምት እንደሚዞር ጭምር ነው። በኋላ በ1973 ብሔራዊ አርቲስት ተባለች። የቤቴ ልጆች ትምህርት ቤት የተማሩት ጭፈራ ብዙው እሷ የመዘገበችው ነው። ይህን ስሰማ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የታየኝ የእናንተ ግቢ ነው፤ እማማ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው፣ “ትከሻ አይቸኩልም” እያሉ እኔንና አንቺን ሲያርሙ።

ያን የጻፈው ማን አለ? ቪዲዮ እንኳ የለንም። አንቺ አሁን ልጆች ታስተምሪያለሽ ሲሉ ሰምቻለሁ። ደብተር ግዢና ጻፊው፤ በዚያ አካባቢ ያሉ እኩዮቻቸውንም ጠይቂ፣ እነሱም ሳያመልጡን። እኔ ከዚህ የማስታውሰውን መጻፍ ጀምሬያለሁ፣ ሦስት ገጽ ሞልቻለሁ። አንዱ ቦታ ላይ ግን ቆምኩ። ማሲንቆው ሲጀምር ወዲያው አይገቡም ነበር፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ ከዚያ ነው ትከሻቸው የሚነሳው። በስንተኛው ምት ነበር? ሦስተኛው ይመስለኛል፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ጻፊልኝ።

ናፋቂሽ