የምድር ሳይንስ ክበብ፦ የ2017 የትምህርት ዘመን ዘገባ

የክበባችን የዘንድሮ ዕቅድ የተረቀቀው ክረምት ላይ ለጂኦግራፊ መምህራን ከተሰጠው የመስክ ሥልጠና በተመለስኩ ሰሞን ነው። አሠልጣኞቻችን የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ነበሩ። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ደብተራችንን አስቀምጠን፣ መንገድ ሲቆረጥ የተጋለጠ የአመድና የድንጋይ ንብርብር ፊት እንድንቆም ነው። የትኛው ቀድሞ እንደተኛ፣ የትኛው ከእሳተ ገሞራ እንደወረደ፣ የትኛውን ጎርፍ እንዳመጣው ከታች ወደ ላይ እያየን ተከራከርን። ንድፈ ሐሳቡን ሁላችንም እናስተምረዋለን፤ ዳስሶና ሰብሮ መለየት ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ስለዚህ የዓመቱን የተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ (ተሙማ) ዕቅዴን ከክበቡ ሥራ ጋር አጣምሬ አቀረብኩ፣ ርእሰ መምህራችንም ተቀበሉት። ለአንድ መምህር በዓመት የሚመደበው የተሙማ ጊዜ 60 ሰዓት ነው። ፖርትፎሊዮ በማደራጀት ከሚያልቅ እኩሌታው እንኳ ሜዳ ላይ ቢውል ተጠቃሚው ተማሪው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከዚህ በታች የምዘግበውም ይህንኑ ያሳያል።

አዳማ ለዚህ ትምህርት የተመቸች ከተማ ናት። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ተቀምጦ ስምጥ ሸለቆን ከመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ማስተማር ያሳዝናል። የመጀመሪያው ሥራችን አባላቱ ከየሰፈራቸው ድንጋይ እንዲያመጡ ማድረግ ነበር። ጥቁር ድንጋይ፣ ቀይ ስኮሪያ (ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ)፣ ባልጩት፣ ፑሚስ መጣ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይዛ የመጣችው ግን ስባሪ ብሎኬት ነው። «ይሄ እኮ ሰው የሠራው ነው» ብለው ጓደኞቿ ተከራከሯት። እሷ መልስ ሳትሰጥ ብሎኬቱን በመዶሻ ከሰከሰችው፤ ከሲሚንቶው ውስጥ ነጣ ነጣ ያሉትን ጠጠሮች ለቅማ ባልዲ ውሃ ላይ ስትጥላቸው ተንሳፈፉ። አብራ የጣለችው ባልጩት ወዲያው ሰመጠ። ከዚያ ወዲያ ማስረዳቱ ቀላል ነበር። ሁለቱም በሲሊካ ከበለጸገ ተመሳሳይ ቅልጥ አለት ሊወጡ ይችላሉ። ውስጡ ያለው ጋዝ በድንገት ተስፋፍቶ አረፋ እንዳደረገው የደረቀው ፑሚስ ነው። ጋዙ አምልጦት፣ ክሪስታል ለመሥራት ፋታ ሳያገኝ የቀዘቀዘው ደግሞ እንደ ጠርሙስ ስለታም ሆኖ የሚሰበረው ባልጩት ነው። በዚያ ሳምንት ልጆቹ የትምህርት ቤቱን አጥር ሳይቀር ተጠግተው ሲመረምሩት ውለዋል።

መስከረም ሳያልቅ ዕቅዳችን ተቀየረ። ፈንታሌ ተራራ አካባቢ የጀመረው የመሬት መንቀጥቀጥ መስከረም 26 ማታ መጠኑ 4.9 ደርሶ እስከ አዲስ አበባ ተሰማ። ታኅሣሥ 26 ሌሊት 5.7፣ የካቲት 7 ማታ 6.0 ሆነ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከቀያቸው ተፈናቀሉ፤ ከአባሎቻችንም መተሐራና አዋሽ ዘመድ ያላቸው ነበሩ። ክፍል ስገባ የሚጠብቀኝ ጥያቄ ሁልጊዜ ይኸው ሆነ። ቅልጥ አለት ከመሬት በታች ስንጥቅ እየከፈተ ወደ ጎን ሲገባ ዙሪያው ያለው አለት እንደሚሰበር፣ መሬቱ ማበጡንና መከፈቱንም ሳተላይቶች በራዳር እንደሚለኩት በካርታ አሳየኋቸው። ቀጥለን ወደ ሜዳ ወጣን። ተማሪዎቹ እጃቸውን በጓደኛቸው ትከሻ ላይ አድርገው ተሰለፉ፤ የኋለኛውን ወደ ፊት ስገፋው ግፊቱ ፈጥኖ እፊተኛው ደረሰ፣ ወደ ጎን ሳወዛውዘው ግን ውዝዋዜው እየተጎተተ ሄደ። የመጀመሪያው ዓይነት ሞገድ በምድር ቅርፊት ውስጥ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ ሁለተኛው 3.5 ያህል። በመካከላቸው ያለውን ሰከንድ በ8 ማባዛት የመንቀጥቀጡን ርቀት በግምት ይሰጣል።

አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል አባል የታኅሣሡን ሌሊት አስታውሶ፣ መስኮቱ ከተንቀጫቀጨ በኋላ አልጋው እስኪወዛወዝ አሥር ሰከንድ ያህል አለፈ አለን። 80 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ማስመሪያ ይዘን ካርታ ላይ ስንለካ ከአዳማ እስከ ፈንታሌ በቀጥታ መስመር 90 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በእንቅልፍ ልብ ለተቆጠረ ሰከንድ ይህ የሚያኮራ ውጤት ነው።

በዚያ ሰሞን «ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት ትልቁ ይመጣል» የሚል መልእክት በየስልኩ ይዞር ነበር። ቀንና ሰዓት ቆርጦ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚተነብይ ሳይንስ የትም አገር የለም። ይህን አባላቱ ራሳቸው በሰልፍ ሰዓት ለመላው ተማሪ አስረዱ፤ ከወሬ ይልቅ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ ስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ተቋም የሚያወጣውን መረጃ እየተከታተሉ ሰሌዳ ላይ ለጠፉ። የታሪክ መምህራችንም በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዴት እንዳፈረሳት አጫወቱን። የሚገድለው በአብዛኛው የሚወድቀው ነገር መሆኑ ከዚያ ውይይት ወጣ። ልጆቹ በየክፍሉ ዞረው ዝቅ ማለትን፣ ዴስክ ሥር መከለልንና አጥብቆ መያዝን አለማመዱ። የቤተ መጻሕፍቱ ረጃጅም መደርደሪያዎችም በእነሱ ጥያቄ ከግድግዳው ጋር ታስረዋል። ከዓመቱ ሥራ ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚያስደስተኝ ይህ ነው።

ወደ ፈንታሌ ልናደርግ የነበረው ጉዞ በዚሁ ምክንያት ቀረ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ገደማ የፈሰሰውን ጥቁር ላቫ በቅርብ ለማየት ጓጉተው ስለነበር ልጆቹ ቅር አላቸው። በምትኩ እዚሁ አዳማ ዙሪያ መሬቱ ተሰንጥቆ አንዱ ወገን ዝቅ ያለበትን ገደል ሄደን አየን። እንዲህ ያሉት ስንጥቆች ጂኦሎጂስቱ ፖል ሞር በ1950ዎቹ በወንጂ ስም የጠሩት የፎልት ቀጠና ክፍል ናቸው። በስኳሯ የምናውቃት ጎረቤታችን ወንጂ በዓለም የጂኦሎጂ ጽሑፎች ውስጥ ስሟ እንደሚነሣ ሲሰሙ ከዚያው የመጡት ልጆች ፊታቸው በራ። ስምጥ ሸለቆው በእኛ አካባቢ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከተወለደ ወዲህ 8 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ግን ሁልጊዜ በዚህ ዝግታ አይሄድም። በ1998 ዓ.ም. መስከረም አፋር ውስጥ ደባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ሳምንታት እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል።

ከሥልጠናው ያገኘሁትን ለፊዚክስ፣ ለኬሚስትሪና ለታሪክ ባልደረቦቼ አካፍያለሁ፤ የፊዚክስ መምህራችን የሞገዱን ትምህርት ከእኛ ጋር አብረው ለመስጠት ተስማምተዋል። በ2018 በከተማው ዙሪያ ያሉትን የፎልት ገደሎች ካርታ ላይ ማስፈር እንጀምራለን። የድንጋይ ስብስባችን ከቤተ ሙከራው አጠገብ ባለችው ክፍል ስም ተጽፎለት ተደርድሯል፤ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጎብኘት ይቻላል። የጂኦሎጂ መዶሻ፣ የእጅ ሌንስ ወይም ኮምፓስ ሊሰጡን የሚችሉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ካሉ ክበቡ በምስጋና ይቀበላል።