ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋም ትምህርቱ ይቆማል

ክቡር አዘጋጅ፣

ሙቀት ትምህርት ቤት ሲያዘጋ ዜና ይሆናል። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ ሲተነበይ ትምህርት ቤቶቿን ዘግታለች። በተከታዩ ወር ደግሞ የባንግላዴሽና የፊሊፒንስ ልጆች ቤት ዋሉ። ዩኒሴፍ እንዳለው በዚያ በኤፕሪል ወር ብቻ ሙቀት 118 ሚሊዮን ያህል ልጆችን ከትምህርታቸው አስተጓጉሏል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ያልተዘጋው ትምህርት ቤት ነው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ክፍል ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። የልጆቹ ክንድ በላብ ደብተሩ ላይ ይጣበቃል። መምህሩ ይጠይቃል፣ የሚመልስለት የለም። ከኋላ አንዱ ዴስኩ ላይ ተደፍቷል። ይሄ ልጅ ሰነፍ ይባላል፤ በጣም ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የሚሊዮኖችን የፈተና ውጤት መርምሮ ነበር። አየር ማቀዝቀዣ በሌለበት፣ የትምህርት ዓመቱ በአማካይ በግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሞቅ የዓመቱ ትምህርት በ1 በመቶ ይቀንሳል። ሲደጋገም ብዙ ነው።

መብራት እንኳ ላልገባለት ትምህርት ቤት ማቀዝቀዣ ግዙ ማለት ግን ቀልድ ነው። መጀመር ያለብን ከጣሪያው ነው። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ጋንዶ የሚባል መንደር አለ። የመንደሩ ልጅ የሆነው አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ ከነዋሪው ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2001 ትምህርት ቤት ሠራ። ግድግዳው የአካባቢው አፈር ነው፣ ጡብ ሆኖ የተሠራ። ኮርኒሱም ጡብ ነው፣ አየር ማስወጫ አለው። ቆርቆሮው ኮርኒሱ ላይ አላረፈም፤ በብረት ተደግፎ ከፍ ብሏል። የክፍሉ ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ነፋስ በመሃል አልፎ ይወስደዋል። ቆርቆሮው ራሱ ቢግልም ሙቀቱ ልጆቹ ላይ አይወርድም። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2022 በሥነ ሕንፃ ትልቁ የሚባለውን የፕሪትዝከርን ሽልማት አግኝቷል። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር መንደሩ ራሱ መሥራት መቻሉ ነው።

ለቆመው ሕንፃ ደግሞ ፀሐይ የሚመልስ ነጭ ቀለም አለ። የክፍሉን ሙቀት ጥቂት ዲግሪ ያወርዳል። አቧራ ሲለብስ ግን ይደክማል፣ መታጠብና በየጊዜው መቀባት አለበት። ዛፍ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ትይዩ መስኮት፤ እነዚህን የማያውቅ የለም። የፈተና ሰዓት ማለዳ ላይ ማድረግስ ምን ያስወጣል?

ለትምህርት ሚኒስቴሮችና ለለጋሾች የምጠይቀው ይህን ነው። አዲስ ትምህርት ቤት ለማሠራት ጨረታ ሲወጣ፣ ክፍሉ በከፍተኛው ሙቀት ወቅት ከስንት ዲግሪ ማለፍ እንደሌለበት በውሉ ይጻፍ። ሕንፃውን ከመረከብ በፊትም ቴርሞሜትር ይዞ የሚገባ ሰው ይመደብ።

ከአክብሮት ጋር፣
የተማሪዎች ወላጅ