ለሁለታችንም የሞላሁት ቅጽ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሰሞን ስለ ጥንዶች ሽርሽር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከባለቤቴ ጋር አነበብነው። ሪዞርቱም እራቱም ጥሩ ነው። እኔ ግን ስለ ወንዝ ልጽፍላችሁ ፈለግሁ። የራፍቲንግ፣ ማለትም በላስቲክ ጀልባ ኃይለኛ ወንዝ እየቀዘፉ የመውረድ ቪዲዮ በስልካቸው አይተው «እኛስ ለምን ይቅርብን» የሚሉ ወጣት ባልና ሚስቶች፣ ሄጄ እንደነበር ሲሰሙ እየመጡ ይጠይቁኛል። ለእነሱ የምነግራቸውን ሌላውም ቢሰማው ብዬ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው፤ ሥራዬ ፋርማሲስትነት ነው። ጣና ላይ መዋኘት የለመድኩት ፊደል ሳልቆጥር ነው። ባለቤቴ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። ስንተጫጭ «እኔም በልጅነቴ በሬሳ ወንዝ ዋኝቻለሁ» ብሎ አጫውቶኝ ነበር፤ አመንኩት። በስድስት ዓመት ትዳራችን ግን አንድም ቀን አብረን ውሃ ገብተን አናውቅም።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ሁለታችንም ፈቃድ ወስደን ከአዲስ አበባ ወደ ኡጋንዳ፣ ኢንቴቤ በረርን፤ ከዚያ በመኪና ካምፓላን አቋርጠን ጂንጃ ገባን። ጂንጃ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣባት ከተማ ናት። እኔ የእኛ ዓባይ ከጣና ሲወጣ እያየሁ ያደግሁ ነኝ። ካርቱም ላይ የሚገናኘውን ወንድሙን ከመነሻው ላይ ቆሜ ሳየው ዘመድ የመጠየቅ ያህል ሆዴ ባባ። ባለቤቴ እጄን ይዞ ዝም ብሎ አየልኝ።

የጂንጃ ሰዎች ስለ ወንዛቸው ሲያወሩ ግማሹ ትዝታ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ያለቀው የቡጃጋሊ ግድብ ስመ ጥሩውን የቡጃጋሊ ፏፏቴ ውሃ ውስጥ አስቀረው፤ በ2019 ደግሞ የኢሲምባ ግድብ ከታች ያለውን ሌላ ቁራጭ ዋጠው። መብራቱ ያስፈልጋቸዋል፣ አይክዱም። በጀልባ ሥራ ያደጉት ልጆች ግን የቀረችውን ወንዝ የሚሳሱላት ለዚህ ነው።

ጠዋት ቅጽ ሰጡን። ዕድሜ፣ ሕመም፣ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ፣ ከዚያ «መዋኘት ይችላሉ?» የሚል። ባለቤቴ ሻይ ይጠጣ ነበር፤ ለሁለታችንም እኔ ሞላሁ። ለራሴ «አዎ»፤ ለእሱም «አዎ»። ወረቀቱን ሳቀብለው አየት አደረገውና ምንም ሳይል ፈረመ።

ከዚያ ላይፍ ጃኬት አለበሱን። መሪያችን ኡጋንዳዊ ወጣት ነበር፤ በግምት ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ እየጎተተ ትንፋሽ እስኪያጥረን አጠበቀ። ቀጥሎ ጃኬቱን ትከሻ ላይ በሁለት እጁ ይዞ ሽቅብ ሳበው። ወደ ጆሯችን ከወጣ እንደገና ያጠብቃል፣ ካልወጣ ወደ ቀጣዩ ሰው ይሄዳል። ይህንን ለስድስታችንም አደረገ፤ አንድም ሰው አልዘለለም። የሄልሜቱንም ማሰሪያ እንዲሁ።

ጸጥ ያለ ውሃ ላይ መጀመሪያ አለማመደን። ከወደቃችሁ በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ እግራችሁ ወደ ፊት ይቅደም፣ ውሃው እስከ ጉልበት ብቻ ቢሆንም ለመቆም አትሞክሩ አለን። እግር ድንጋይ መሃል ከተቀረቀረ ውሃው ከኋላ እየገፋ ሰውን በግንባሩ ይደፋዋል፤ ጉልበት የማይሞላ ውሃ ሰው የሚገድለው እንዲህ ነው። የመቅዘፊያውን ጫፍ ለአፍታም እንዳትለቁ አለን፤ የተለቀቀ እጀታ የጎረቤትን ጥርስ ያረግፋል። ከፊት የሚቀመጡት ሁለቱ ሰዎች ምቱን ይሰጣሉ፣ ከኋላ ያለው ይከተላቸዋል። ባልና ሚስት ናችሁ ብሎ ከፊት እኔንና ባለቤቴን አስቀመጠን።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ያህል ተደስቼ አላውቅም። «ፎርዋርድ!» ሲለን ሁለታችን እኩል ስንቀዝፍ፣ ጀልባው ማዕበሉ ጫፍ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ሲወርድ፣ ባለቤቴ እንደ ሕፃን ሲጮህ፤ ቤት ውስጥ ስለ ኪራይና ስለ ደመወዝ ብቻ የምናወራ ሰዎች መሆናችንን ረሳሁት። ኢታንዳ የሚባለው ፏፏቴ ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው አይሆንም ተብሎ ከጀልባው ወርደን በእግራችን አለፍነው። መውረድ ለምን እንደሚያስፈልግ ማንም አልተከራከረም። ይሄም ደስ ብሎኛል።

አገራችን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ከኢታንዳ በኋላ አንድ ማዕበል ጀልባችንን በጎኑ አነሳውና ገለበጠው። እኔ ወዲያው ብቅ አልኩ፤ የጀልባውን ዙሪያ ገመድ ያዝኩ። ዞር ብል ባለቤቴ የለም። ስንት ሰከንድ እንደሆነ አላውቅም። ከእኔ አሥር ሜትር ያህል ርቆ ብቅ ሲል አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አየሩን ይጨብጥ ነበር። መዋኘት የሚችል ሰው እጁ እንደዚያ አይሆንም። ያኔ ገባኝ።

ገመዱን ለቅቄ ወደ እሱ ልዋኝ ስል መሪያችን ክንዴን ይዞ «ኖ!» አለኝ። አንድ ልጅ ብቻውን የሚቀዝፈው፣ አብሮን የሚወርድ ካያክ የሚባል ቀጭን ጀልባ ነበር፤ ልጁ በሦስት ምት ደረሰና የካያኩን አፍንጫ ወደ ባለቤቴ አዞረለት። ባለቤቴ የካያኩን ጫፍ እጀታ ጨበጠ። ጸጥታ ያለበት ደርሰን ልጁ «አሁን ልቀቅ» ሲለው ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት፤ አንድ በአንድ ያላቀቅኳቸው እኔ ነኝ። የጋብቻ ቀለበቱ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ነበር።

ማታ ነገረኝ። በሬሳ ላይ ዋኘሁ ያለው ዳር ዳሩን መንቦራጨቅ ነበር። የጣና ልጅ ፊት «አልችልም» ማለት አፍሮ ነው። ቅጹ ላይ «አዎ» ብዬ ስጽፍ አይቶ ዝም ያለውም ለዚያው ነው። አልተቆጣሁትም። ሳልጠይቀው የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለካያኩ ልጅ «ይህ ሰው አይዋኝም፣ ዓይንህ እሱ ላይ ይሁን» የሚለውን ቃል የቀማሁት እኔ ነኝ። መዋኘት ለማይችሉም ዝግ ያለ መንገድና ሌላ ጀልባ እንደነበራቸው በኋላ ነው የሰማሁት። እሱን ያዳነው ያ ጠብቆ የታሰረ ጃኬት ነው።

ስለዚህ ወደ ወንዝ የምትሄዱ ጥንዶች፣ አንዳችሁ ለሌላችሁ አትመልሱ። ብዕሩን ተቀባበሉ። እግረ መንገዴን በሙያዬም አንድ ነገር ልበል፦ በቪክቶሪያም በነጭ ዓባይም፣ በእኛም ጣና ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታ አለ፤ ትሉ በቆዳ ነው የሚገባው። ስትመለሱ በማግሥቱ መድኃኒት ከመዋጥ ስድስት፣ ስምንት ሳምንት ጠብቃችሁ ሐኪም አማክሩ፤ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል የሚገድለው የጎለመሰውን ትል ነውና። ለኡጋንዳ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም አትርሱ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ግን ስለ ኡጋንዳ ብቻ ብዬ አይደለም። የላስቲክ ጀልባ ለኢትዮጵያ ወንዞች እንግዳ አይደለም። በ1968 እ.ኤ.አ. በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመሩ እንግሊዛውያን ወታደሮች ዓባይን ሲወርዱ አንድ ጓደኛቸውን ውሃ ወስዶባቸዋል። በ1973 አሜሪካውያን ወጣቶች አዋሽንና ኦሞን ወርደዋል። በ2004 ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ዓባይን ከአገራችን ተነሥተው በ114 ቀን ሜዲትራኒያን አድርሰውታል። አዋሽ ላይ የእኛው ልጆች መሪ ሆነው፣ ያ ኡጋንዳዊ ወጣት እንዳደረገው ማሰሪያ እየሳቡ፣ እኛን ይዘው ሲወርዱ ማየት እመኛለሁ። ከልቤ እመኛለሁ። ግን ከዚያ በፊት ጸጥ ባለው ሐይቃችን ላይ የምናደርገውን እንይ።

ባለቤቴ ከተመለስን ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ዋና እየተማረ ነው፤ አሁን ገንዳውን በጀርባው ያቋርጣል። ባለፈው ወር እንግዶች መጥተውብን ወደ ገዳማቱ ልንወስዳቸው ጀልባ ተሳፈርን። አሥራ አንድ ነበርን። ባለቤቴ ገና ሳይቀመጥ «ላይፍ ጃኬት ስጡን» አለ። ባለጀልባው «ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ማዕበል የለም» አለው። ባለቤቴ ግን ቆሞ ጠበቀ። ሰውየው ከመቀመጫ ሥር አራት ጃኬት ጎትቶ አወጣ። ባለቤቴ አንዱን ለእናቴ አለበሳትና ትከሻዋ ላይ ይዞ ሽቅብ ሳበው። ጃኬቱ በጭንቅላቷ ወጥቶ እጁ ላይ ቀረ፤ የደረቱ ማሰሪያ ተበጥሶ ነበር።

ወርደን ወደ ቤታችን ተመለስን።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከባሕር ዳር