ጉዳዩ፦ «ለጎረቤት ያከራያሉ» ስለተባልኩባቸው 19 ዲቫይሶችና ስላልመጣው ባለሙያ

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለኢንተርኔት አቅራቢው ድርጅት የደንበኞች ቅሬታ ክፍል
አዲስ አበባ

ማክሰኞ ኅዳር 2 ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ከ20 ላይ «ውድ ደንበኛችን፣ ያቀረቡት ችግር ተፈቷል፤ ስለመረጡን እናመሰግናለን» የሚል አጭር መልእክት ስልኬ ላይ ገባ። እኔ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ባለሙያችሁን ስጠብቅ ነው የዋልኩት። ማንም አልመጣም፣ ማንም አልደወለም። ችግሩን የፈታው ማን እንደሆነና በየት በኩል ገብቶ እንደፈታው ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

የነገሩ መነሻ የኢንተርኔታችሁ መዘግየት ነው፤ አልዘረዝረውም። ሦስት ጊዜ አስመዝግቤ ሦስት የቅሬታ ቁጥር ሰጥታችሁኛል፤ ከዚያ አንብቡት። ማንሳት የምፈልገው ዓርብ ጥቅምት 28 ከጥሪ ማዕከላችሁ ሠራተኛ ጋር የተነጋገርነውን ነው። 26 ደቂቃ ሙዚቃችሁን ካዳመጥኩ በኋላ አንድ ወጣት አነሳ። ሲስተሙን እያየ መሰለኝ፣ ትንሽ ዝም ብሎ ጀመረ።

«እናቴ፣ ቤት ውስጥ ወጣት ልጅ ካለ እስቲ ስልኩን ይስጡልኝ።»

«ልጄ ትምህርት ቤት ነው። ለእኔ ንገረኝ።»

«አይ፣ ቴክኒካል ነገር ስለሆነ ነው።»

«ግድ የለም፣ ሞክረኝ።»

«እሺ። ዋይፋይዎ ላይ 19 ዲቫይስ ነው የሚያሳየኝ። 19! እንዲህ ተጭኖበት እንዴት አይዘገይም?»

«እኛ ቤት ያለነው ሦስት ሰዎች ነን።»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ እናቴ። ለጎረቤት ማከራየት ግን በውላችን ክልክል ነው።»

የ19ኙን ዝርዝር እንዲያነብልኝ ጠየቅኩት፤ «ሲስተሙ አይፈቅድልኝም» አለ። ራሴ ገብቼ እንዳይ የራውተሩን፣ ዋይፋይ የሚያሠራጨውን የሳጥኑን፣ የመግቢያ ይለፍ ቃል እንዲሰጠኝ ጠየቅኩት፤ ከሥሩ ስቲከር ላይ እንዳለ ነገረኝ። ስቲከሩ ላይ ያለው አይሠራም፤ መስከረም ላይ መጥቶ ሳጥኑን የገጠመው የእናንተ ሠራተኛ ቀይሮታል፣ ለእኔም አልነገረኝም። ይሄን ስለው ድምፁ ትንሽ ለዘብ አለ። «እንግዲያው ማክሰኞ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለሙያ ይመጣል። ይለፍ ቃሉን ይሰጥዎታል፣ ዝርዝሩንም አብሯችሁ ያያል። ቃል እገባልዎታለሁ» አለኝ። ቃል ግባልኝ አላልኩትም፤ በራሱ ነው የገባው።

የምኖረው ግንፍሌ አካባቢ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። እዚህ ፎቅ ላይ ግድግዳ ብቻ አይደለም የምንጋራው፤ ቡናውም ለቅሶውም የጋራ ነው። «ለጎረቤት» የሚለው ቃል ከስልኩ ወጥቶ ቤቴ ገባ። አጠገቤ ያለውን ቤት ልጅ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርኩትን ልጅ፣ ደረጃ ላይ ስልኩን ይዞ ተቀምጦ ሳየው ሁለት ቀን ሙሉ በክፉ ዓይን አየሁት። ሰላም ሲለኝ አፌን ሞልቼ አልመለስኩለትም። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ይሄን ያመጣችሁብኝ እናንተ ናችሁ።

እንግዲህ ወጣት ልጅ ስላልነበረ እኔው ሠራሁት። ቅዳሜና እሑድ ስልኬ ላይ ኔትወርክ የሚፈትሽ አፕ ጫንኩና ያገኘሁትን በመብራት ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። 31 ዓመት ክፍል ውስጥ የቆመ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ስም ጥሪ ነው። አፕዋ ቤት ውስጥ ሊኖሩ የሚችሉትን 254 አድራሻዎች አንድ በአንድ ትጠራለች፣ ያለው «አቤት» ይላል። አቤት ሲል ደግሞ የማይለወጥ ተብሎ የተሰጠውን የራሱን ቁጥር ይነግራታል። ይሄ ቁጥር በ16 መሠረት የተጻፈ 12 አኃዝ ነው፤ ከዘጠኝ በላይ ያሉት በፊደል ይጻፋሉ። የፊተኛው ስድስቱ አኃዝ ለፋብሪካው የተሰጠ ስለሆነ አፕዋ የአምራቹን ስም ከዚያ አይታ ትጽፍላችኋለች። ስም ጥሪ ደግሞ አንዴ አይበቃም። ኪስ ውስጥ ተኝቶ የማይመልስ ስልክ አለ፣ ኋላ ረድፍ ላይ እንደሚተኛ ተማሪ።

መጀመሪያ ዘጠኝ ወጡ። ከዘጠኙ አንዱ ላይ «ኤስፕሬሲፍ» የሚል ስም አየሁና ደነገጥኩ፤ እንዲህ የሚባል ዕቃ ቤቴ የለም። ሌባው ተገኘ አልኩ። ኋላ ላይ ልጄ እያንዳንዱን ከሶኬት እየነቀለ፣ እኔ እንደገና እየጠራሁ ስናጣራ፣ እህቴ ከዱባይ የላከችው በስልክ የሚበራና የሚጠፋው ማከፋፈያ ሶኬት ሆኖ ተገኘ። ኤስፕሬሲፍ የሻንጋይ ድርጅት ነው፤ ውስጡ ያለችውን ቺፕ የሠራው እሱ ስለሆነ ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ቀርቶ የእሱ ስም ይወጣል። ፕሪንተራችንም በራሱ ስም አልመጣም፤ «ሆን ሃይ» ብሎ መጣ፣ ፎክስኮን የሚባለው የታይዋን ፋብሪካ። ቴሌቪዥኑ፣ ላፕቶፑ፣ የባለቤቴ ታብሌት፣ በሩ ላይ ያለው ካሜራና ሦስት ስልኮች። በቃ፣ ዘጠኝ።

ሦስቱ ስልኮች ግን የማንም ፋብሪካ ስም አልነበራቸውም። የቁጥራቸውን ሁለተኛ አኃዝ ተመልከቱ፤ 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ ቁጥሩ ከፋብሪካ የመጣ አይደለም፣ ስልኩ ራሱ የፈጠረው የሽፋን ቁጥር ነው። አንድሮይድ ከ10ኛው እትም፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አይፎን ደግሞ ከአይኦኤስ 14፣ ከ2020 ጀምሮ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ለእያንዳንዱ የዋይፋይ ስም ሌላ ሌላ ቁጥር ይሰጣሉ። እናንተ የሰቀላችሁት ሳጥን ስንት ስም ነው የሚያሳየው? ሁለት። አንዱ ተራው፣ አንዱ መጨረሻው ላይ «5ጂ» የተጻፈበት። ሦስታችንም ወደ ሁለተኛው ስም ተዛውረን ስጠራ ሦስት አዲስ «ሰዎች» መጡ። እኔው ራሴ ሁለት ሆኜ ተቆጥሬአለሁ። 12 ደረሰ።

ጥቅምት 12 የሚካኤል ማኅበር የእኔ ተራ ነበር። ከማኅበርተኞቹ ዋይፋይ የጠየቁኝን ደውዬ ቆጠርኳቸው፤ ስድስት ናቸው። አንዷ «ደግሞ ለዚህ ሒሳብ ልትጠይቂን ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። የራውተር ዝርዝር ደግሞ አሁን ያለውንም ዱሮ ገብቶ የሄደውንም አብሮ ሊያስቀምጥ እንደሚችል እኔ ካወቅኩ ሠራተኛችሁ ማወቅ ነበረበት። 18።

የቀረው አንድ ነው። ይለፍ ቃሉን ስለከለከላችሁኝ ግምቴን ልናገር። የገጠመው ልጅ ሥራውን ሲጨርስ ፍጥነቱን የለካው በራሱ ስልክ ነው፤ «ይኸው እማማ፣ እየበረረ ነው» ብሎ አሳይቶኛል። 19ኛው የእናንተው ነው። በልጁ ላይ ክፉ አልናገርም፤ አራት ፎቅ መሰላል ተሸክሞ የወጣ ልጅ ነው፣ ግድግዳዬን ሁለት ቦታ ሳያስፈልግ መብሳቱን ግን ሳላነሳ አላልፍም።

ዘገምተኛነቱም ከቁጥሩ ጋር ምንም አይገናኝም። ዓርብ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሁሉንም አጥፍቼ ላፕቶፑን በኬብል ሳጥኑ ላይ ሰካሁት። የከፈልኩት ለ10 ሜጋ ነው፣ ያገኘሁት ከ2 በታች። ያን ሰዓት ማንም አልነበረም፤ እኔና እናንተ ብቻ።

ይሄን ሁሉ በአንድ ገጽ አዘጋጅቼ ነው ማክሰኞ የጠበቅኩት። ቡና አፍልቼ፣ ለእሱም ስኒ ጨምሬ። 5 ሰዓት ሆነ። 6 ላይ ደወልኩ፤ «መንገድ ላይ ነው» ተባለ። 8 ላይ ደወልኩ፤ «ከአራት ኪሎ እየመጣ ነው» ተባለ። ከአራት ኪሎ ግንፍሌ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት የመለሰልኝ። 10 ላይ «ሲስተም የለም» ተባለ። ከዚያ ያ የምስጋና መልእክት መጣ። ለማክሰኞ የያዝኩትን የጤና ጣቢያ ቀጠሮ የሰረዝኩት ለዚህ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው፦ አንደኛ፣ የራውተሬ የመግቢያ ይለፍ ቃል ይሰጠኝ። ከጅምሩ የጠየቅኩት ይሄን ብቻ ነበር፣ ዓርብ ዕለት ሰጥታችሁኝ ቢሆን ኖሮ ይሄን ደብዳቤ ባልጻፍኩ። ሁለተኛ፣ «ለጎረቤት ያከራያሉ» የሚል ማስታወሻ በስሜ ተመዝግቦ ከሆነ ተሰርዞ በጽሑፍ ይገለጽልኝ፤ ሠራተኛው ይቅርታ ይጠይቀኝ፣ «እናቴ» ሳይለኝ፣ በስሜ። ሦስተኛ፣ ከመስከረም ጀምሮ ያልደረሰኝ ፍጥነት ዋጋ ይመለስልኝ። አራተኛውን መጀመሪያ አላሰብኩበትም ነበር፣ አሁን ስጽፍ ነው የመጣልኝ፤ ጥሪ ማዕከል የተቀመጠ ሰው ቤቴ ውስጥ ስንት ዕቃ እንዳለ ማየት ከቻለ፣ ሌላ ማን ያያል? እኔ የማላየውን የእኔን ዝርዝር እናንተ በምን ፈቃድ ታዩታላችሁ? በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ወጥቷል፤ በእሱ መሠረት መልስ እፈልጋለሁ።

እስከ ኅዳር 15 ካልመለሳችሁ ይህንኑ ደብዳቤ ከመብራት ደረሰኙ ኮፒ ጋር ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አስገባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
(ስምና ፊርማ አለው)

ማስታወሻ፦ የገጠመው ልጅ ፒንሳውን ረስቶ ሄዷል። መስከረም ላይ ለጥሪ ማዕከላችሁ ነግሬ ነበር፣ ይመጣል ተብዬ አልመጣም። ጫማ መደርደሪያው ላይ አለ፤ ለሥራው ሳያስፈልገው አይቀርም።