ክቡር አገረ ገዥ፣ ለፕሬዝዳንትነት ከመወዳደርዎ በፊት አንድ ፊርማ ይቀርዎታል

ክቡር አገረ ገዥ፣

«ለፕሬዝዳንትነት ልወዳደር ወይስ ይቅርብኝ? ያንተን ሐሳብ ሳልሰማ አልወስንም» የሚለው ኢሜይልዎ ደርሶኛል። ከሥሩ ሁለት ሳጥን አለው። አንዱ «አዎ፣ ይወዳደሩ» ይላል፣ ሌላው «አይ፣ ጊዜው አይደለም»። «አይ» የሚለውን ተጫንኩት። የካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ገጽ ተከፈተልኝ። 25 ዶላር፣ 50 ዶላር፣ 100 ዶላር፣ «ሌላ መጠን»። እስቲ ልየው ብዬ ተመለስኩና «አዎ»ን ነካሁ። ያው ገጽ! በዚህ በኩል እንኳን አድልዎ የለብዎትም።

የኢሜይሉ ገንዘብ መለመን አልገረመኝም። የገረመኝ የደረሰበት አድራሻ ነው። ያንን አድራሻ የከፈትኩት ለባለቤቴ የነርስነት ፈቃድ ጉዳይ ብቻ ነው፣ ወረቀቱ ሁሉ አንድ ቦታ ይሁን ብዬ። ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤትና ከእርስዎ ጽሕፈት ቤት ሌላ የሚያውቀው ሰው የለም። አንድም ዕቃ አልገዛሁበትም፣ የትም አልተመዘገብኩበትም። ታዲያ አቤቱታ የላክሁበት አድራሻ ከመንግሥት ቢሮ ተነሥቶ የእርስዎ ገንዘብ አሰባሳቢዎች እጅ እንዴት ገባ? የመንግሥት ሥራና የምርጫ ዘመቻ እንደማይቀላቀሉ ለእርስዎ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። የሕግ ሰው ነዎት። ለአቤቱታው መልስ የለም፣ ለአድራሻው ግን ሥራ ተገኝቶለታል።

ጉዳዩን ጽሕፈት ቤትዎ ያውቀዋል፣ ሌላው ሰው እንዲሰማው ግን ልድገመው። ባለቤቴ ነርስ ናት። ፈተናውን አልፋለች፣ አሻራ ሰጥታለች፣ ትራንስክሪፕቷ ከትምህርት ቤቷ በቀጥታ ተልኳል፣ ክፍያውም ተከፍሏል። ችግሩ ስሟ ነው። በአንዱ ሰነድ ላይ የተጻፈው የአባቷ ስም ነው፣ በሌላው የአያቷ። ይህ የኛ አገር ሰው ሁሉ ጣጣ ነው፣ አስረድተን በቃለ መሐላ የተረጋገጠ ወረቀት አያይዘናል። ሠራተኞቹ «እንዲህ ያለውን የሚወስነው የነርስ ቦርዱ ነው» አሉን። እሺ፣ ቦርዱ ይወስን። ቦርዱ ግን አይሰበሰብም። ለምን? ወንበሮቹ ባዶ ስለሆኑ ምልዓተ ጉባኤ የለውም። ወንበሮቹን የሚሞላው ማን ነው? እርስዎ ነዎት።

ድረ ገጹ ላይ ስሟን ስናስገባ «በመታየት ላይ» ይላል። በፋሲካ በመታየት ላይ ነበር፣ በመስቀልም በመታየት ላይ። ሊቀጥራት የነበረው ሆስፒታል ጠብቆ ጠብቆ ቦታውን ለሌላ ሰጠ። አልፈርድባቸውም። አሁን ማታ ማታ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በረዳትነት ትሠራለች። አንድ ሌሊት አንዲት እናት ሕመም ሲያስጨንቃቸው መድኃኒቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፣ ባለቤቴ ደግሞ የትኛው፣ ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ ታውቃለች፣ ግን ወረቀቱ ስለሌላት እጃቸውን ይዛ ነርሷ ከላይኛው ፎቅ እስክትወርድ መጠበቅ ነበረባት። ነርሷ ደግሞ ለሁለት ፎቅ አንድ ናት። «የነርስ እጥረት ገጥሞናል» እያሉ ንግግር የሚያደርጉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?

ጽሕፈት ቤትዎ ስደውል ጨዋ ሰዎች ያነሣሉ። «ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፈነዋል» ይላሉ። የሚመለከተው ክፍል ደግሞ የአገረ ገዥውን ሹመት እየጠበቅን ነው ይላል። አገረ ገዥውስ? አገረ ገዥው ኒው ሃምፕሸር ናቸው። ባለፈው ሳውዝ ካሮላይና ነበሩ። ከዚያ በፊት አይዋ፣ በእንጨት የተሰካ የአሳማ ሥጋ ይዘው ፎቶ ሲነሡ አይቻለሁ። (ሥጋውን ሲበሉት አላየሁም፣ ለፎቶ ብቻ ይመስለኛል።) ሦስቱም ለፕሬዝዳንትነት የሚያስብ ሰው ቀድሞ የሚዞርባቸው ግዛቶች ናቸው። ጋዜጠኛ «ይወዳደራሉ ወይ?» ሲልዎት ፈገግ ይሉና «ትኩረቴ የሕዝቤ ሥራ ላይ ነው» ይላሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሽማግሌ ልኮ፣ ድንኳን አስተክሎ፣ ጠጅ አስጥሎ «ማግባቱን ገና እያሰብኩበት ነው» የሚል ሙሽራ አይተው ያውቃሉ?

ደግሞ ይህ ዳር ዳር ማለት ምን እንደሚጠቅምዎት አናውቅም ብለው አያስቡ። የፌዴራል ምርጫ ሕጉ ለመወዳደር የሚያስብ ሰው ሳይመዘገብ የሕዝቡን ስሜት እንዲለካ ይፈቅድለታል። ይዙር፣ የሕዝብ አስተያየት ያስጠና፣ ስልክ ይደውል። ለመወዳደር ከወሰነ በኋላ ግን 5,000 ዶላር ካለፈ፣ የሰበሰበውም ሆነ ያወጣው፣ በ15 ቀን ውስጥ እጩነቱን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ከዚያ ወዲያ ሪፖርት አለ፣ ገደብ አለ፣ ተጠያቂነት አለ። ስለዚህ «ወስኛለሁ» የምትለዋ ቃል ውድ ናት፣ «አልወሰንኩም» ግን ነጻ ናት። የቀድሞው የፍሎሪዳ አገረ ገዥ ጄብ ቡሽ በ2015 ያደረጉትን ሁሉም ያስታውሳል። በይፋ የገቡት ጁን 15 ነው። በዚያው ዓመት በመጀመሪያው ስድስት ወር እሳቸውን የሚደግፈው ሱፐር ፓክ (ያለ ገደብ ገንዘብ መሰብሰብ የሚችል ቡድን) ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ነበር። ለአብዛኛው ወራት ግን እሳቸው «ገና እያሰቡበት» ነበሩ። ገንዘቡ እንዳላዳናቸው ሌላ ጉዳይ ነው፣ በፌብሩዋሪ 2016 ከውድድሩ ወጡ።

እርስዎን የሚመስል ሌላም አገረ ገዥ ነበር፣ የኒው ዮርኩ ማሪዮ ኩሞ። ዲሴምበር 20፣ 1991 ለኒው ሃምፕሸር ቅድመ ምርጫ የእጩዎች መመዝገቢያ የመጨረሻ ቀን ነበር። የተከራዩት አውሮፕላን በግዛታቸው ዋና ከተማ ኦልባኒ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። አገር ሁሉ ይሄዳሉ፣ አይሄዱም እያለ ይከራከራል። በመጨረሻ ሰውዬው ወጥተው የግዛቴ በጀት ስላልተቋጨ አልወዳደርም አሉ። ብዙ ሰው ስቆባቸዋል፣ ወላዋይ ብሏቸዋል። እኔ ግን ሳስበው የተሻሉ ነበሩ ባይ ነኝ። ቢያንስ ቀን ነበራቸው። ቢያንስ የቤታቸውን ሥራ እንደ ምክንያት ቆጥረውታል። ጡረታ የወጡት ጄኔራል ኮሊን ፓወልም በ1995 መጽሐፋቸውን ይዘው ሲዞሩ አሜሪካ በሙሉ ይወዳደራሉ ብሎ ነበር፣ በኖቬምበር ወጡና አልወዳደርም ብለው ተገላገሉ። መናገር ይቻላል ማለት ነው። ሰው አይሞትበትም።

ይወዳደሩ፣ መብትዎ ነው፣ በዚህ የሚከፋ የለም። ምኞትም ኃጢአት አይደለም። እኔን የሚያናድደኝ ለራስ ጉዳይ ሲሆን ፊርማ እንዴት ቶሎ እንደሚገኝ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ለሌላ ሥልጣን የሚወዳደር ባለሥልጣን ከያዘው ይልቀቅ የሚል ሕግ አለ። በ2023 ይህ ለፕሬዝዳንትነት የሚወዳደረውን አይመለከትም የሚል ማሻሻያ መጣ። አገረ ገዥው ዴሳንቲስ ሕጉን የፈረሙት ሜይ 24 ነው። ውድድር መግባታቸውን ያወጁትም በዚያው ቀን። አያችሁ፣ በዕለቱ! የኛ ቦርድ ሹመት ግን የፈጣሪን ፈቃድ የሚጠብቅ ይመስላል።

እርስዎ የሚመኙት ወንበር ደግሞ ሥራው ግማሹ ሹመት ነው። አንድ ፕሬዝዳንት ወደ 4,000 የሚጠጋ የሹመት ቦታ ይሞላል፣ ከዚያ ውስጥ ከ1,200 በላይ የሚሆነው የሴኔቱን ይሁንታ ይፈልጋል። ካልሞላ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። የፌዴራል የምርጫ ኮሚሽኑ ራሱ ስድስት የኮሚሽነር ወንበሮች አሉት፣ ለመወሰን አራት ድምፅ ይፈልጋል። በኦገስት 2019 መጨረሻ ከአራት በታች ወረደና ለወራት ክስ ሲከመርበት መወሰን የማይችል መሥሪያ ቤት ሆኖ ተቀመጠ። ሰው ካልተሾመ ሕግ ወረቀት ነው። ጥቂት የነርስ ቦርድ ወንበሮች መሙላት ያቃተው ሰው አራቱን ሺህ ሊሞላልኝ ነው? ይህን ጥያቄ በክርክሩ መድረክ ላይ ማንም እንደማይጠይቅዎት ስለማውቅ እዚህ ጠየቅሁ።

ስለ ኢሜይሉ ለሥነ ምግባር ቢሮ አመልክቻለሁ። ቅጹን ሞልተህ በኖታሪ አስመስክረህ አምጣ አሉኝ፣ አምጥቻለሁ። አሁን እሱም «በመታየት ላይ» ነው። የት እንደሚደርስ እናያለን። እርስዎ ግን አድራሻዬን ማን አሳልፎ እንደሰጠው በአንድ ስልክ ማወቅ ይችላሉ፣ ሠራተኞቹ የእርስዎ ናቸው።

የሹመት ዝርዝሩ ጠረጴዛዎ ላይ እንዳለ ከራሱ ከመሥሪያ ቤቱ ሰምቻለሁ። ሰዎቹ ታጭተዋል፣ ተጣርተዋል፣ የቀረው የእርስዎ ስም ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ጉዞ አለ ይባላል። ከመነሣትዎ በፊት ይፈርሙት። ካልተመቸዎት ይዘውት ይሂዱና አውሮፕላን ላይ ይፈርሙት፣ እኔ ግድ የለኝም።

ከአንድ የግዛትዎ ግብር ከፋይ