ትንንሽ ቅርጾች ቀለም ሲቀቡ የሚያዙበት መያዣ ጉዳይ

ሰላም ለሁላችሁ፤ ቀለም ቀብታችሁ ካሳያችሁኝ ትንንሽ የወታደር ቅርጾች ብዙዎቹ ትከሻና ቆባቸው ላይ ቀለሙ ተልጧል። ጥፋቱ የቀለሙ ሳይሆን የጣት ነው፤ ወዝ አለው፣ ይፈትጋል። ደግሞስ 28 ሚሊሜትር የሚያህል ወታደር በሁለት ጣት ይዞ ዓይኑን መሣል ምን የሚሉት ሥቃይ ነው?

ስለዚህ ስትቀቡ ቅርጹን በጣት ሳይሆን በመያዣ ያዙት፤ መያዣ ለመግዛት ግን አትቸኩሉ። ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ በአሸዋ ሙሉ፤ ክብደቱ እጅን ያረጋጋል። ክዳኑ ላይ የቅርጹን መቆሚያ በብሉታክ (እንደ ሊጥ የሚለሰልስ ማጣበቂያ) ለጥፉ። መጀመሪያ ግን ብሉታኩን በጣታችሁ እሹት፤ ሲሞቅና ሲለሰልስ ነው በደንብ የሚይዘው። ባለ ሁለት ፊት ፕላስተርም ይሆናል፤ ነገር ግን መቆሚያው ከሥሩ ክፍት ከሆነ የሚጣበቀው ጠርዙ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይለቃል። የእኔ ፈረሰኛ ጦሩ የተሰበረው እንዲህ ወድቆ ነው (እስካሁን ያናድደኛል)።

ገና መቆሚያ ላልተለጠፈለት ቅርጽ፣ በ1 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ እግሩን በሱትና የተቃና የአግራፍ ሽቦ አስገቡበት፤ ሌላውን ጫፍ የወይን ጠርሙስ ቡሽ ላይ ሰኩት። ቀለሙ ሲያልቅ ሽቦውን አትጣሉት፤ አሳጥራችሁ ቁረጡትና ቅርጹን ከመቆሚያው ጋር በሱፐር ግሉ ስታያይዙ እንደ ችንካር ያገለግላል። ቡሹ እየወደቀ ካስቸገረ ከሥሩ ሳንቲም ለጥፉበት።

የሠራችሁትን መያዣ በፎቶ ላኩልኝ፤ አስቀያሚ ቢሆንም ግድ የለም።